የቀደድኩት ማጣሪያ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምረቃ፣ ስለ አፓረንትሺፕ፣ ስለ ዶርም ሕይወት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የአየር ማጣሪያ ነው። «ፊልተር ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከዓመት በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ይህን ማጣሪያ የቀደድኩት ግን እኔ ነኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል ማንም አላወቀም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በወርክሾፓችን የነበረ ሰው ሁሉ እኔ በከፈትኩት ቀዳዳ የወጣውን ብናኝ ሲስብ ከርሟል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና ዛሬ ልናገረው።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

በእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን ሁለት የብናኝ መሳቢያ ማሽኖች አሉ። አንደኛው ትልቁ ነው። ከፕላነሩና ከሰርኩላር መጋዙ ጋር በወፍራም ቱቦ ተያይዟል፤ ከታች የፕላስቲክ፣ ከላይ የጨርቅ ከረጢት አለው። ሰጋቱራውና ፍቅፋቂው ከታች ይጠራቀማል፤ አየሩ በላይኛው ጨርቅ ተጣርቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ሁለተኛው በርሜል የሚመስል ቫኪዩም ነው። ከእጅ ሳንደር ጋር የምናገናኘው እሱን ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ክብ የወረቀት ማጣሪያ አለው።

የወርክሾፑን ቴክኒሻን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሠላሳ ዓመት ያህል ከእንጨት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ዋንዛን በሽታው፣ ቀረሮን በክብደቱ ይለያሉ። ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል፤ እኛም ለምደነው ስለነበር ሳሉን እንደ ወርክሾፑ ደወል ነበር የምንሰማው። ሳሉ ከተሰማ ጋሼ ገብተዋል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሴሚስተር ለፕሮጀክት የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን እየሠራን ነበር። ኤምዲኤፍ የነካ ሰው ያውቀዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ እንደ ዱቄት ነው የሚቦነው። በመሐል ቫኪዩሙ መሳብ አቃተው። ጋሼ «ማጣሪያው ታፍኗል፤ ውጭ አውጣና ቀስ ብለህ አራግፈው» አሉኝ። «ቀስ ብለህ» ያሉትን ግን አልሰማሁም ብል ይሻላል።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ማራገፉ ሲሰለቸኝ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አነሣሁና በ8 ባር ግፊት፣ ከውጭ በኩል፣ አፍንጫውን ከወረቀቱ ላይ ለጥፌ ለቀቅኩት። አቧራው ጉም ሠራ። ማጣሪያው እንደ አዲስ ነጣ። ደስ ብሎኝ ሳገላብጠው ከታችኛው ቀለበት አጠገብ፣ በእጥፋቱ ሥር፣ ጣት የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ልቤ ደነገጠ። ዕቃ ያበላሸ ይከፍላል የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፏል፤ የእኔ ኪስ ደግሞ ለምሳም አይበቃ። ግራ ቀኝ ተመለከትኩ። ሰው የለም። የተቀደደውን ወገን ወደ ጀርባ አዙሬ መልሼ ገጠምኩት።

ከዚያስ? ከዚያማ ማሽኑ ጎበዘ! ሞተሩ ሲነሣ እንደ አዲስ ነበር የሚስበው። ጓደኞቼ «አንተ ልጅ እጅህ መድኃኒት ነው» አሉ። ጋሼም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ነው ሥራ» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ እንደ ሰንበር ወለሉ ላይ ተጋድማለች። ሳንደሩን አስነሣሁ። ከቫኪዩሙ የአየር መውጫ አንድ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሥቶ በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ አየሁ። ጭስ አይደለም፤ ሽታ የለውም። የራሴ ኤምዲኤፍ ነው። እኔ ከእንጨቱ ላይ የምስበውን ማሽኑ በጀርባው ለሰው ያድለዋል። በዚያው ሳምንት ጋሼ ሳሉ ጠንቶባቸው ከሥራ ቀሩ።

እዚህ ላይ አላጋንንም። የጋሼ ሳል ከእኔ ቀዳዳ በፊትም የነበረ ነው፤ እኔ አመጣሁት ለማለት አልችልም። ነገር ግን እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው እኔ ምስጋናቸውን ተሸክሜ መቀመጥ አቃተኝ።

ለካ የማይታየው ነው የሚጎዳው

ለጋሼ ከመናገሬ በፊት የሠራሁትን ነገር ልክ ለማወቅ ፈለግሁና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

የብናኝ መጠን የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። መጥረጊያ የሚሰበስበው፣ ጫማ ላይ የሚጣበቀው ሰጋቱራ ትልቁ ነው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ወደ መተንፈሻ ቱቦ ያልፋል፤ ከ4 ማይክሮን በታች ያለው እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል። ደግሞም ቶሎ አይወርድም። አየሩ የረጋ ቢሆን እንኳ 10 ማይክሮን የሆነ ብናኝ ከሰው አፍንጫ ከፍታ ወለል ለመድረስ ወደ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 1 ማይክሮን የሆነው ግን ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ስለዚህ «ሥራ አቁመናል፣ አሁን ማስኩን አውልቁ» ማለት ትርጉም የለውም። ብናኙ ገና ሥራ አላቆመም።

ጉዳቱም ሳል ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም የምትባል በወንበር ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤስሚ ሃድፊልድ የተባሉ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም በሌላው ሕዝብ ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ደጋግሞ እንደሚታይ አስተዋሉ። ጥናቱ እየሰፋ ሄደ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገባው። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ቦታ የሚፈቀደውን የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 2 ሚሊግራም ላይ ወስኗል። ሁለት ሚሊግራም ማለት በጣት ጫፍ የማይጨበጥ ነገር ነው። ኤምዲኤፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ሙጫው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፎርማልዲሃይድ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አናጺ ነው። መሳቢያ ማሽን የለውም፤ ብናኝ ሲበዛ ፎጣውን አፍንጫው ላይ ያስራል። ማታ ሲታጠብ ከአፍንጫው የሚወጣው ቡናማ ውኃ በልጅነቴ ይገርመኝ ነበር። «የእንጀራ አቧራ ነው፣ አይጎዳም» ይለኝ ነበር። እኔ በእንጀራ አቧራ ያደግሁ ልጅ፣ መከላከያ ያለበት ቦታ ደርሼ መከላከያውን ቀደድኩ ማለት ነው።

ጋሼ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝና ማጣሪያውን አስወጥተው ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ «ልጄ፣ ማጣሪያ ሳይለወጥ ማሽን ድንገት ከጎበዘ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ቀዳዳ ነው። እኔም መጠርጠር ነበረብኝ» አሉ። ይህ ከቁጣ ይብሳል። ቀጥለውም ቅጣቴን ነገሩኝ፤ ተተኪውን ማጣሪያ ፈልጌ ማግኘት፣ ከዚያም አያያዙን ለክፍሉ ልጆች ማስተማር።

ትክክለኛውን ማጣሪያ ፍለጋ

ማጣሪያ መግዛት እንደ ሚስማር መግዛት መስሎኝ ነበር። ሞዴል 20 ተሞላ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ወር አለፈ፣ ዕቃው መጣ። ጥያቄው ላይ የጻፍነው «የቫኪዩም ፊልተር» ብቻ ነበር። የመጣውም የቫኪዩም ፊልተር ነው፤ የእኛ ቫኪዩም ግን አይደለም። ቀዳዳው በ6 ሚሊሜትር ይሰፋል። አንዱ ጓደኛችን በፕላስተር እንጠቅልለው አለ። ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። ማጣሪያው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን በጠርዙ በኩል ክፍተት ካለ አየሩ በቀላሉ መንገድ ይሄዳል፤ ብናኙም አብሮት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህ ነው፦ ለማጣሪያ ግዥ ስትጠይቁ የማሽኑን ስምና ሞዴል ብቻ ጽፋችሁ አትቀመጡ። የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱን፣ ቁመቱን በሚሊሜትር ለኩ። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ናቸው ወይስ አንዱ ዝግ ነው? የሚያያዘው በዳዶ ነው፣ በመግፋት ነው ወይስ በመቆንጠጫ? የጎማ ማሸጊያው የት ላይ ነው ያለው? ከተቻለ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ ማጣሪያ ከመቶ ፕሮፎርማ ይሻላል።

እኔም አሮጌውን በፌስታል ጠቅልዬ መርካቶ ወረድኩ። ምናለሽ ተራን ዞርኩ፤ ሶማሌ ተራም ደረስኩ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ አገር ነው። አንድ ነጋዴ የጭነት መኪና የአየር ማጣሪያ አውጥቶ አሮጌው ላይ ለካው። ቁመቱ እኩል፣ ወረቀቱም ወፍራም። «ውሰደው፣ ሞተር የሚጠብቅ ሳንባ አይጠብቅም?» አለኝ። አባባሉ አሳቀኝ፤ ልገዛም ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ሳስበው ያ ማጣሪያ የተሠራው የመንገድ አቧራ ሲሊንደር እንዳይፍቅ ነው። ከእንጨት ብናኝ ስንቱን በመቶኛ እንደሚይዝ የተጻፈበት ነገር የለም። የሚገጥም ዕቃና የሚያጣራ ዕቃ ሁለት ነገሮች ናቸው። አመስግኜው ወጣሁ።

ታዲያ ምን ብሎ የተጻፈበትን እንፈልግ? የአውሮፓ ደረጃ ለኢንዱስትሪ ቫኪዩሞች ሦስት ክፍል አለው። ኤል የሚባለው ከብናኙ ከ1 በመቶ በላይ አያሳልፍም፤ ኤም ከ0.1 በመቶ በላይ፤ ኤች ደግሞ ከ0.005 በመቶ በላይ አያሳልፍም። ለእንጨት ብናኝ በብዛት የሚመከረው ኤም ነው። ሄፓ የሚባለውን ስም ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በአሜሪካው መለኪያ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ መያዝ አለበት። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ» ተብሎ ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን ስም ብቻ ነው። ደግሞም ሄፓ ብቻውን አይበቃም። ሻካራው ሰጋቱራ በቀጥታ ከደረሰበት በአንድ ቀን ይታፈናል፤ ከፊቱ ሌላ የሚቀበል ነገር ይፈልጋል።

በመጨረሻ ያገኘነው ከወረቀት ይልቅ ከፖሊስተር የተሠራ፣ ሊታጠብ የሚችል ማጣሪያ ነው። ዋጋው ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ዕድሜውም እንደዚያው። ከእሱ ፊት የሚገባ ከረጢትም አብረን ገዛን። በከረጢቱ ምክንያት ማጣሪያው ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። በተለይ ጀሶና ሲሚንቶ የምትጠርጉ ከሆነ ያለ ከረጢት አትሞክሩት፤ ማጣሪያውን እንደ ግድግዳ ይለስነዋል።

ለትልቁ ማሽን የጨርቅ ከረጢት ስንመርጥም ትምህርት አገኘን። የነበረው 30 ማይክሮን የሚይዝ ነው፤ ይህ ማለት ለሳንባ አደገኛ የሆነው ብናኝ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። 1 ማይክሮን የሚይዘው ወፍራም ጨርቅ ግን አየር በቀላሉ አያሳልፍም። መፍትሔው ስፋት ነው። ጨርቁ ጠበቅ ካለ የከረጢቱ ስፋት መጨመር አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ይታፈንና በመጋዙ በኩል መሳብ ያቆማል። እኛም ከበፊቱ ረዘም ያለ ከረጢት አዘዝን።

ከተገዛ በኋላስ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለክፍሉ ልጆች ያስተማርኩትን እንዳለ ልጻፈው።

አንደኛ፣ ማጣሪያ የሚጸዳው ውጭ ነው፤ ማስክ ተደርጎ፣ ነፋሱ ከጀርባ ሆኖ። ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግና በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። አየር መንፋት የግድ ከሆነ ዝቅ ባለ ግፊት፣ ራቅ ብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። የእኔ ጥፋት ሦስቱንም ማገላበጤ ነበር። ከውጭ ሲነፋ ብናኙ ወደ ወረቀቱ ቀዳዳ ውስጥ እየተገፋ ይቀረቀራል፤ ያልተቀረቀረበት ደግሞ ይቀደዳል።

ሁለተኛ፣ የወረቀት ማጣሪያ አይታጠብም። የሚታጠበው ዓይነትም ቢሆን በጥላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ አይገጠምም። እርጥብ ማጣሪያ ብናኙን ሊጥ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ሁለት ማጣሪያ ይዘን የምናፈራርቀው።

ሦስተኛ፣ ከመግጠማችሁ በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት በውስጡ አብሩበት። ስንጥቅ ካለ ብርሃኑ እንደ ክር ይወጣል። ሠላሳ ሴኮንድ አይፈጅም። እኔ ይህን አላስፈለገኝም ነበር፤ ስንጥቁን በዓይኔ አይቼ ነው የገጠምኩት።

አራተኛ፣ የጨርቅ ከረጢትን በየጊዜው አትጠቡት፤ አራግፉት። በጨርቁ ላይ የሚቀረው ስስ የብናኝ ሽፋን ራሱ ማጣሪያ ነው። አዲስ ከረጢት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ የሚያሳልፈው ይህ ሽፋን ስለሌለው ነው።

አምስተኛ፣ የብረት ግራይንደር ብልጭታ ወደ እንጨት ብናኝ መሳቢያ በፍጹም አይግባ። ብናኝ ውስጥ የተቀበረ ፍም ሰው ሁሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ነው የሚነሣው።

ከልጆቹ ጋር ሁለት ነገር በእጃችን ሠርተናል። አንዱ ከቫኪዩሙ ፊት የሚቀመጥ ክዳን ያለው ባልዲ ነው። አየሩ በጎን ገብቶ ስለሚሽከረከር አብዛኛው ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ይቀራል፤ ማጣሪያው ዕረፍት አገኘ። ሁለተኛው የመድኃኒት ግሉኮስ ቱቦ ከመሰለ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ የሠራነው የግፊት መለኪያ ነው። ቱቦውን እንደ ፈረስ ጫማ አጥፈን፣ ቀለም የገባበት ውኃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ ከትልቁ ማሽን የጨርቅ ከረጢት ሥር ካለው ቀለበት ጋር አገናኘነው፤ ሌላውን ክፍት ተውነው። ማሽኑ ሲነሣ በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት ጨርቁ ምን ያህል እንደታፈነ ይናገራል። በእኛ ማሽን ከረጢቱ ንጹሕ ሲሆን 20 ሚሊሜትር ነው፤ 40 ሲደርስ እናራግፋለን። ሁልጊዜ የምንለካው አንድ ዓይነት የቱቦ በር ከፍተን ነው፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት ድንገት ከወረደ ደግሞ ማሽኑን አናመሰግነውም፤ ቀዳዳ እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሰፈሩ እናቶች ለሰጋቱራ ምድጃ የሚሆን ሰጋቱራ ከእኛ ይወስዳሉ። ድሮ ሁሉም በአንድ ጆንያ ነበር። አሁን የኤምዲኤፉን ለይተን እናስወግዳለን፤ ሙጫ ያለበት ነገር በሰው ጓዳ መንደድ የለበትም። አንዲት እናት «ያኛው ግን ቶሎ ይይዝ ነበር» ብለው አዘኑብኝ። ምክንያቱን ሳስረዳቸው «ልጄ፣ እስከዛሬ ያነደድነውስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለማጠቃለል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ተመርቀን ስንወጣ አንዳንዶቻችን ተቀጣሪ፣ አንዳንዶቻችንም አሠሪ እንሆናለን። በየትኛውም ወገን ብንቆም ማጣሪያውን ከፍቶ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

በፋሲካ ዕረፍት ደብረ ብርሃን ወርጄ ለአባቴ ባልዲ ሠራሁለት፤ ከእጅ ሳንደሩ ጋር የሚያያዝ ያገለገለ ቫኪዩምም ከነማጣሪያው ወሰድኩለት። ፎጣውን ግን አልተወም፤ ማስክ ከፎጣው በታች ያደርጋል። እኔም አልተከራከርኩትም።

ጋሼ ወርክሾፕ ውስጥ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል። ሐኪም ከብናኝ እንዲርቁ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ሳንደር ሲነሣ እሳቸው ውጭ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። በማሽኑ ጎን የማጣሪያ መዝገብ ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። ቀን፣ የተደረገው ሥራ፣ የውኃው ልዩነት፣ የሠሪው ስም የሚሉ ዓምዶች አሉት። የመጀመሪያውን መስመር እንድሞላ ደብተሩን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «ተቀደደ» ብዬ ጻፍኩ፤ በስም ዓምዱ ላይ የራሴን ስም ሞላሁ። እናንተም ወርክሾፕ ስትገቡ ታዩታላችሁ። ከታቹ ያሉት መስመሮች የእናንተ ናቸውና እባካችሁ ሳትደብቁ ሙሏቸው።